«ዝርያ» እና የዛፍ ችግኝ፦ በዘር ውርስ ስያሜዎቻችን ላይ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ዋናው ሥራ መለየት ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ በንግግር መካከል የሚፈጠረው መደናገር አብዛኛውን ጊዜ በዐውዱ ይቃናል፤ የንግግሩ ፍሬ አፈር ውስጥ ገብቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚቆም ግንድ ሲሆን ግን ዐውዱ ይረሳል፣ ግንዱ ይቀራል። ስለ ዛፍ ችግኝ የዘር ልዩነትና በውርስ ስለሚተላለፍ የዕድገት ጠባይ በአማርኛ የሚጻፉት መመሪያዎች፣ የሥልጠና ጽሑፎችና የትምህርት መጻሕፍት የሚሠሩባቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዘር፣ ዝርያ፣ ምርጥ ዘር፣ የዘር ምንጭ፣ ባሕርይ፣ ውርስ፣ ዘረ መል። አብዛኞቹ ለጆሮ የተስማሙ፣ ለአፍም የቀለሉ ናቸው። ሥራቸውን ይሠራሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያን ያህል አያስደስትም።

ሂሱን በደፈናው ከማቅረብ ይልቅ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ማየት ይሻላል። ለዚህ የተመረጠው የፎገራ ሜዳ ነው። ወረታን ይዞ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ወርደው ያቋርጡታል፤ በክረምት ሰፊው ክፍሉ ውሃ ይተኛበታል፤ አፈሩም ውሃ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይራባሉ፤ በቦታው ስም የሚጠራው የፎገራ ከብት፣ ሩዝ፣ እንዲሁም በየማሳው ዳርና በየደጃፉ የሚተከለው ዛፍ። ለሦስቱም የምንጠቀምበት ቃል አንድ ነው። የፎገራ የከብት ዝርያ እንላለን፤ የሩዝ ዝርያ እንላለን፤ የዛፍ ዝርያ እንላለን። ሦስቱ አነጋገሮች በሰዋስው እኩል ናቸው፤ በትርጉም ግን ሦስት ልዩ ልዩ ደረጃዎችን ያመለክታሉ።

ዝርያ «ዘራ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ለሰው ሲነገር ትውልድን፣ ከአንድ አባት የወረደ ተወላጅን ያመለክታል፤ የእገሌ ዝርያ ሲባል ሐረጉ ከእገሌ ይመዘዛል ማለት ነው። የዛፍ ዝርያ ሲባል ግን ዋንዛ ከጥድ፣ ጥድ ከወይራ የሚለይበት ትልቁ ክፍል ይታሰባል። አለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ 168 የእንጨታማ ተክል ዝርያዎች መዝግበዋል፤ እዚህ ላይ ዝርያ የቆመው ለዚህ ለትልቁ ክፍል ነው፤ ማንም አይሳሳተውም። የሩዝ ዝርያ ስንል ደግሞ ሩዝ ራሱ አንድ የተክል ክፍል ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚገኘውን፣ ኤክስ ጅግና ወይም ሌላ ስም የተሰጠውን ታናሽ ክፍል ማለታችን ነው። የከብቱ ከሁለቱም ይለያል፤ በሰው ምርጫና በአካባቢ ኑሮ ብዛት መልኩ የረጋ፣ ነገር ግን ባዕድ ኮርማ በገባበት ቀን መለወጥ የሚጀምር መንጋ ነው።

ቃል ብዙ ፍች ቢኖረው ነውር አይደለም። «ዐይን» የሚያይም የሚፈልቅም ነው፤ ማንም ተቸግሮበት አያውቅም። የዝርያ ችግር ሌላ ነው፤ ከአንዱ ፍች ወደ ሌላው ሲሻገር የመጀመሪያውን ተስፋ ይዞ ይሻገራል።

ይህን በሩዝ በኩል እንየው። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሙከራ ነው። የኤክስ ጅግና ስምም ይህንኑ የጅግናን ስም ይዞ ቀርቷል። ዛሬ ወረታ አጠገብ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል፤ የዝርያ ስም ማወቅም ለሜዳው ገበሬ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ሩዝ ከሞላ ጎደል ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ ወንዴውና ሴቴው አካል በአንዲት አበባ ውስጥ ስለሚገኙ አበባዋ ሳትከፈት ወይም በተከፈተችበት ቅጽበት ጽንሱ ያልቃል። ስለዚህ የአንድ ዝርያ ሩዝ ዘር አጭዶ፣ አስቀምጦ፣ በዓመቱ ቢዘሩት የሚበቅለው ያው ዝርያ ነው። ገበሬው «ይህ ዝርያ ነው» ሲል ከስሙ ጋር የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ዘሩ እናቱን ይመስላል። ጠብቆም አያፍርም።

ይኸው ገበሬ ከችግኝ ጣቢያ «የዋንዛ ዝርያ» ተብሎ አንድ መቶ ችግኝ ሲቀበል ያንኑ ተስፋ ይዞ ወደ ማሳው ይሄዳል። ዋንዛ ግን እንደ ሩዝ አይደለም። ነጩ አበባው ንብ ይጠራል፤ ንቡ ከሌላ ዋንዛ የመጣ ነው። ከአንዱ እናት ዛፍ ሥር የተለቀመው ዘር እናቱ አንዲት፣ አባቶቹ ግን ብዙዎች ናቸው። የሐበሻ ጥድማ ይህን ለዐይን አጉልቶ ያሳያል፤ ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ትቆማለች፤ ፍሬ የሚለቀመው ከሴቴዋ ብቻ ነው፤ አባቱን ያመጣው ነፋስ ነው። በደጋው ያለው ኮሶም እንዲሁ ነው፤ ቀላ ያለችውን ሴቴ ኮሶና ወንዴውን አባቶቻችን ለመድኃኒቱ ሲሉ በስም ለይተው ያውቁ ነበር። እንግዲህ አንድ መቶ የዋንዛ ችግኞች በክፍል አንድ ቢሆኑም በዘር ውርስ አንድ መቶ ልዩ ልዩ ግለሰቦች ናቸው። ረጅም ዕድሜ ባላቸውና በሌላ ዛፍ ዱቄት በሚጸንሱ ዛፎች ዘንድ የዘር ልዩነቱ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው በአንዱ ደንና በሌላው ደን መካከል ሳይሆን በአንድ ደን ውስጥ በሚገኙ ዛፎች መካከል እንደ ሆነ የብዙ አገሮች ጥናት ያረጋገጠው ነው። በአገራችንም አባይነህ ደረሮና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. በዋንዛ ብዝኀነት ላይ ጥናት አሳትመዋል፤ ዋንዛን የሚያህል በየጓሮው የሚታይ ዛፍ ለምርምር የሚበቃ ልዩነት በውስጡ መያዙን ለማስታወስ ይህ ይበቃል።

ለዚህ ልዩነት አማርኛ ስም አለው ወይ? «በዝርያው ውስጥ ያለ ልዩነት» የሚለው ሐረግ ይጻፋል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የሩዝ ገበሬ ሲያነበው ኤክስ ጅግና ውስጥ ስላለ ልዩነት ይመስለዋል፤ በእርሱ ዘንድ ደግሞ በዝርያ ውስጥ ልዩነት መታየት ዘሩ መቀላቀሉን የሚያሳይ ጉድለት ነው። በዛፍ ዘንድ ጤና የሆነው ነገር በሩዝ ዘንድ በሽታ ነው ማለት ነው። አንዱ ቃል ለሁለቱም ሲቆም ሀብቱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ስለዚህ በደን ጉዳይ ጽሑፍ ዝርያ ለትልቁ ክፍል ብቻ እንዲቀር፣ በሰብል በኩል ያለው ልማድ ሊነቀል የማይችል ስለ ሆነ እንዲተው፣ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ ለሩዙ «የሩዝ ዐይነት» ማለት እንዲለመድ አሳስባለሁ። «ዐይነት» ተራ ቃል ነው ተብሎ ይናቃል። ተራነቱ ግን ከንቀት ሊያድነው በተገባ ነበር፤ ተስፋ አይሰጥምና።

ከዝርያ የባሰ መደናገር ያስከተለው «ማዳቀል» ነው። የተዳቀለች ላም ሲባል የሁለት ወገን ደም የተገናኘባት፣ ለምሳሌ የፎገራ ላም ከፈረንጅ ኮርማ የወለደቻት ናት፤ ዲቃላ የሚለው የቆየ ቃልም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የተዳቀለ የአቮካዶ ወይም የማንጎ ችግኝ ሲባል ግን የተሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ጉቶ ላይ ተጣብቆ እንዲያድግ ተደርጓል። እዚህ የተገናኘ ዘር የለም። ቀንበጡ የወጣበትን ዛፍ እንዳለ ይቀጥላል፤ ጉቶውም የራሱን ሥር ይዞ ይኖራል። የከብቱ ማዳቀል አዲስ ፍጥረት ሲያመጣ የችግኙ «ማዳቀል» ዋናው ዓላማው አዲስ ነገር እንዳይመጣ መከልከል ነው። አንድ ግሥ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ሲጠራ ዝም ማለት አይገባም። ለሁለተኛው «መቀጠል»፣ ችግኙንም «የተቀጠለ ችግኝ» ብንለው ምን ይጎድላል? ቀንበጥን ከጉቶ የሚቀጥል ሰው የሚሠራው በትክክል ይህንኑ ነው። የተለመደውን ቃል ከገበያ ማስወጣት እንደሚከብድ ዐውቃለሁ፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከአሁኑ መለየት ይቻላል።

አሁን ወደ ችግኙ ዕድገት እንለፍ፤ የአማርኛ ሀብት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተጠቀምንበትም እዚህ ላይ ነው።

በአንድ መደብ ላይ ከቆሙ ችግኞች አንዱ አጥሮ ቢገኝ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ወይ ጥላ፣ ድርቀት፣ የከረጢቱ አፈር ድህነት ወይም ሥሩ መታጠፉ አሳጥሮታል። የውርስ ሳይንስ ትልቁ ድካም እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። አማርኛ ግን የዚህን ልዩነት ስም ከድሮ ጀምሮ ይዞ ቆይቷል። ከተፈጥሮው አጭር የሆነው «ድንክ» ነው። ማደግ ሲችል በችግር ምክንያት ያላደገው «ቀጨጨ»፣ «ቀነጨረ» ይባላል። ድንክ ስም ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ይወለዳል። ቀጨጨ ግሥ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የሚደርስ ነገር ነው። የሕክምና ባለሙያዎች በምግብ እጥረት ቁመቱ ላጠረ ሕፃን «መቀንጨር» የሚለውን ሲመርጡ ይህን የቋንቋውን ጥበብ በሚገባ አስተውለዋል። የደን ጽሑፎቻችን ግን ሁለቱንም «ደካማ ችግኝ» በሚል አንድ ስም ጨፍልቀው ሲያበቁ፣ መልሰው ደግሞ «በዘረ መላዊ ምክንያት ደካማ» እና «በአካባቢያዊ ምክንያት ደካማ» እያሉ በረጅም ሐረግ ሊለያዩአቸው ይታገላሉ። ድንክ ችግኝና የቀጨጨ ችግኝ ቢባል ነገሩ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር።

የመለያ ፈተናውም በዚሁ ቋንቋ በቀላሉ ይገለጻል። ከልዩ ልዩ እናት ዛፎች የተለቀመው ዘር የእያንዳንዱ እናት ለብቻው ተጽፎበት፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ውሃ እኩል ይፈላል፤ መደቡም በብዙ ቦታ ተደጋግሞ የእያንዳንዷ እናት ልጆች በየመደቡ በዕጣ ይበተናሉ። ኑሯቸው እኩል ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ በእናቶቹ ልጆች መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት ከዘር የመጣ ነው ለማለት በር ይከፈታል። ይሁንና በሩ ወዲያው ወለል ብሎ አይከፈትም። ትልቅ ፍሬ ያፈራች እናት ልጆቿን በስንቅ ትልካለች፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ፍጥነት የስንቁ እንጂ የዘሩ ላይሆን ይችላል፤ ስንቁ ሲያልቅ ልዩነቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በችግኝ ጣቢያ የቀደመ ሁሉ በማሳ ላይ አይቀድምም። «ስንቅ» የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር ያገኘሁት በጽሑፍ ላይ አይደለም፤ የጽሑፎቹ «የእናት ተጽዕኖ» ነው፤ እርሱም አይከፋም፤ ግን እናት የምታወርሰውንና እናት የምታስይዘውን አይለይም።

እዚህ ላይ ስለ «ባሕርይ» አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የሚለካው ነገር ሁሉ፣ ቁመትም ይሁን የግንድ ውፍረት፣ የግንድ ቀጥነትም ይሁን ቆልማማነት፣ በጽሑፎቻችን «ባሕርይ» ይባላል። ባሕርይ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ የአንድን ነገር እርሱነት፣ የማይለወጥ ተፈጥሮውን ይናገራል። በዚህ ምክንያት ምእመናን ስንት ዘመን እንደ ተከራከሩበት የታወቀ ነው። እንግዲህ የችግኙን ቁመት ገና ሳንፈትነው ባሕርይ ካልነው ፍርዱን ከምርመራው በፊት ሰጥተናል፤ «የሚወረስ ባሕርይ» ስንልም እርጥብ ውሃ እንደ ማለት ይሆናል። «ጠባይ» በግዕዝ ሥሩ ከተፈጥሮ የራቀ ባይሆንም በዛሬው አማርኛ ሊሻሻልም ሊበላሽም የሚችል ነገር ነው፤ የሰው ጠባይ ይለወጣል እንላለንና። ስለዚህ ለሚለካው ነገር ሁሉ «ጠባይ» ይበቃል፤ «የዕድገት ጠባይ»፣ «የሚወረስ ጠባይ» ሲባል ትርጉሙ ሳይደጋገም ይቆማል።

ቀጥሎ «ውርስ» ይመጣል። ውርስ የሚተላለፈውን ነገር ይጠራል፤ ይህ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ያው ቃል ለመለኪያውም ሲውል ነው። አራቢዎች የሚያሰሉት መለኪያ በአንድ የተወሰነ የዛፍ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ በተወሰነ ቦታና ዕድሜ፣ ከሚታየው ልዩነት ስንት እጁ ከዘር የመጣ እንደ ሆነ የሚናገር ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ ክፍልፋይ ነው። ለዚህ «ተወራሽነት» የሚለው አጻጻፍ በአንዳንድ ባለሙያዎች ዘንድ ይታያል፤ ሊደገፍ ይገባል። «የቁመት ውርስ 0.3 ነው» ተብሎ ለምሳሌ ቢጻፍ አንባቢው እያንዳንዱ ዛፍ ከቁመቱ ሦስት ዐሥረኛውን ከወላጆቹ የተቀበለ ይመስለዋል፤ ይህም ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። «በዚህ መደብ የቁመት ተወራሽነት 0.3 ሆኖ ተገኘ» ቢባል ግን ነገሩ የአንድ ዛፍ ሳይሆን የመደቡ መሆኑ ይታያል። ቦታው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ዋልካ ላይ ውሃ ተኝቶበት የተለካው ከጉና ግርጌ ከተለካው ጋር እኩል እንዲሆን አይጠበቅም። ጠባዩ ሲለወጥም እንዲሁ ነው፤ የእንጨት ጥግግት ተወራሽነት አብዛኛውን ጊዜ ከቁመት ተወራሽነት ይበልጣል፤ ቁመት በአፈርና በውሃ ብዙ የሚታዘዝ ነውና። ማገርና ወራጅ የሚፈልግ ሰው አንዱን፣ ጣውላ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ቢመርጥ የሚያገኘው ዋጋ የተለያየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችን ዘርንና ልጓምን ሁለት የሚጓተቱ ኃይሎች አድርጎ ማየቱ ለሳይንሱ የቀረበ ነው፤ ሳይንሱ የጨመረው ጥያቄ «በስንት ይስባል?» የሚለውን ብቻ ነው።

የዚህ መለኪያ ስሌት ስያሜን ወደ ዝምድና ቃላት ያደርሰዋል። ከአንዲት ዋንዛ ሥር የተለቀሙ ልጆች በባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ «ግማሽ ወንድማማች» የሚመስል ስም አላቸው፤ አንዳንድ ተርጓሚዎችም «ግማሽ እኅትማማች ቤተሰብ» ብለው ቃል በቃል አስገብተውታል። አማርኛ ለዚህ ግማሽ የሚል ቃል አያስፈልገውም። በእናት ብቻ የሚገናኙት «የእናት ልጆች» ናቸው፤ በአባት ብቻ የሚገናኙት «የአባት ልጆች»፤ በሁለቱም የሚገናኙት «የእናት ያባት ልጆች»። የርስትና የውርስ ክርክር ለዘመናት ሲሰማበት የኖረ ቋንቋ ይህን መለያ ሳያዘጋጅ አይቀርም። አራቢው የእናት ልጆችን በሚገባ ከተረዳ ስሌቱንም ይረዳል፤ በአንዲት እናት የሚገናኙ ልጆች ከሚተላለፈው የዘር ልዩነት የሚያሳዩት አንድ አራተኛውን ብቻ ስለ ሆነ በእናቶች መካከል የታየው ልዩነት በአራት ይባዛል። ልጆቹ ግን በእናት ብቻ ሳይሆን በአባትም የተገናኙ ከሆነ፣ ወይም አበባዋ በራሷ ዱቄት ከጸነሰች፣ በአራት ማባዛት ተወራሽነትን ያለ አግባብ ያገዝፋል። በዚህ ምክንያት በባሕር ዛፍ ላይ የሚሠሩ ብዙ አራቢዎች የሚያባዙት በ2.5 ብቻ ነው። ስሕተቱ የሂሳብ ይመስላል፤ ምንጩ ግን የዝምድና ቃል አለመጥራት ነው፤ «ቤተሰብ» የሚለው ልቅ ቃል እነማን በማን በኩል እንደሚዛመዱ አይናገርም።

የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አውጥተው ወደ ምድር ያወርዱታል። በደቡብ ጎንደር የአገር በቀል ዛፍ ዘር መልቀሚያ ሆነው የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ደኖች ናቸው፤ እያንዳንዱም በማሳና በግጦሽ ተከቦ እንደ ደሴት ቆሟል። በአንድ ትንሽ አጸድ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ጥድ ወይም ጥቁር እንጨት እርስ በርሳቸው ከተወላለዱ በትውልድ ብዛት ሁሉም ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ ከዘመዳሞች የተገኘ ዘርም ብዙውን ጊዜ ብቅለቱ ያነሰ፣ ችግኙም የደከመ ይሆናል። ባለሙያዎች ለዚህ «ውስጠ ርቢ» ሲሉ ታዝቤአለሁ። ቃሉ ከውስጥ ስለ መራባት እንጂ ስለ ጉዳቱ ምንም አያሳስብም። ባላገሩ ጋብቻ ሲያስብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይገባ ነው፤ «የዘመድ ጋብቻ» የሚለው ስም ሲነሣ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይነሣል። «የዘመድ ርቢ» ቢባል ያው ማስጠንቀቂያ ወደ ዛፉ ይሻገራል፤ ዘር ለቃሚውም ከአንድ አጸድ ከአንዲት ለመውጣት ከምትመች ዛፍ ብቻ ከመልቀም ይልቅ ከብዙ ዛፎች፣ እርስ በርሳቸው ከተራራቁት፣ እንዲለቅም ለምን እንደሚነገረው ያለ ረጅም ሐተታ ይገባዋል።

ስለ «የዘር ምንጭ» ደግሞ። የአውሮጳ ደን ጠበብት አንድ የዛፍ ዝርያ ከልዩ ልዩ ቦታ ሲመጣ ልዩ ልዩ ጠባይ እንደሚያሳይ ቀድመው አስተውለዋል፤ በፈረንሳይ ቪልሞሪን በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ከብዙ አገር የመጣ የፓይን ዘር ጎን ለጎን አስተክሎ ነበር፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ደግሞ የደን ምርምር ድርጅቶች ማኅበር በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ሙከራ ጀመረ። ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የቀይ ባሕር ዛፍ ሙከራ ነው። ይህ ዛፍ በአውስትራሊያ እጅግ ሰፊ ምድር ላይ ይበቅላል። በሰሜን ከፔትፎርድና ከካትሪን የተለቀመው ዘር በበጋ ሙቀት ዝናብ በሚያገኙ ሞቃት አገሮች ሲበልጥ፣ በደቡብ ከአልባኩትያ ሐይቅ የተለቀመው በቅዝቃዜ ወራት ዝናብ ለሚያገኙ አገሮች የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። ስሙ ግን ሁለቱም ቀይ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዝርያውም አንድ ነው።

አሁን ወረታ ላይ ከቆመ ቀይ ባሕር ዛፍ ዘር ተለቀመ እንበል። የዘር ምንጩ የት ነው? አንዱ ወረታ ይላል፤ ሌላው አውስትራሊያ ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነውና ዛፉ እዚህ ለብዙ ትውልድ ኖሯል፤ ጥንቱ ግን ከባሕር ማዶ ነው። «ምንጭ» ሁለቱንም ስለሚችል አንዱንም አይናገርም። ዘሩ በእጅ የተለቀመበትን ቦታ «መልቀሚያ»፣ አያት ቅድመ አያቱ ያለ ሰው እጅ የበቀሉበትን ቦታ «ጥንተ ምድር» ብንል ሁለቱ ይለያያሉ። ለዋንዛ መልቀሚያውም ጥንተ ምድሩም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለባሕር ዛፍ መቼም አይሆንም። ለሁለተኛው «ርስት» ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልተባበረውም፤ ርስት ባለቤት ይጠይቃል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ቁጥር ላስታውስ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በዚህ ዐይነት ዘመቻ የሚቆጠረው ችግኝ ነው፤ ቢበዛ ዝርያው ይታከላል። መልቀሚያውና የእናቶቹ ብዛት በዘገባ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ የሚጠሩበት የታወቀ ስም ሳይኖራቸው በቅጽ ላይ ዓምድ ሊኖራቸው አይችልም። ከቆላ የተለቀመ የዋንዛ ዘር ውሃ ለሚተኛበት የፎገራ ዋልካ፣ የፎገራውም ለቆላ ቢላክ በወረቀቱ ላይ ሁለቱም «ዋንዛ፣ አገር በቀል ዝርያ» ሆነው ያልፋሉ።

«ምርጥ ዘር» ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሩዝ በኩል ተፈትኖ፣ ተመዝግቦ የወጣ ዘር ማለት ነው። በዛፍ በኩል ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ገለባው የተለየ፣ ያልነቀዘና ብቅለቱ የተፈተነ ዘርን ነው። ይህ «የተጣራ ዘር» ነው። ቀጥ ካሉና ጤነኛ ከሆኑ እናቶች የተለቀመው «ከተመረጠ እናት የተለቀመ ዘር» ሊባል ይችላል። በልጆቿ ፈተና ብልጫዋ ከታወቀ እናት የመጣው ብቻ «የተፈተነ ዘር» ይባል። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የተባለው ለጋብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ለዛፍ ግን የእናቲቱ ቁመና ከአፈሯ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ፈተናው መገልበጥ አለበት፤ ልጆቿን አይተን ወደ እናቲቱ እንመለሳለን።

በመጨረሻ ስለ ረቂቁ ነገር ስም። ዮሐንሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1909 እ.ኤ.አ. «ጂን» የሚለውን ቃል ሲፈጥር ሆን ብሎ አጭርና ከማንኛውም ግምት ነጻ የሆነ ቃል ፈልጎ ነበር። በአማርኛ አንዱ በራሂ፣ ሌላው ዘረ መል፣ ሌላው ጂን ይጽፋል፤ ዘረ መል ደግሞ አንዳንዴ ለራሱ ለነገሩ፣ አንዳንዴ ስለ ነገሩ ለሚያጠናው ትምህርት፣ አንዳንዴም ለቅጽል ይውላል። በራሂ «ሐብለ በራሂ» የሚለውን ልጅ ስለ ወለደ ለትምህርት ቤት ይመቻል፤ ዘረ መል «ዘር»ን ስለ ያዘ ለሕዝብ ይቀርባል። የትኛውም ቢመረጥ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ ሥራ ማንም በራሂን በዐይኑ አያይም። በሦስቱ ላይ ብዙ ወረቀት ሲጠፋ ድንክንና የቀጨጨን፣ የእናት ልጅንና የአባት ልጅን የሚመለከት አንድም ውይይት አለመታየቱ ግን የሥራችንን ቅደም ተከተል ያጋልጣል። ስያሜ ሲወጣ የባዕዱን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እየተከተልን ስለምንሄድ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ስም የሌለው የራሳችን መለያ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል።

ከዚህ የቀረው በዘር ከረጢት ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ነው። ዝርያ፣ መልቀሚያ፣ ጥንተ ምድር፣ የእናቶች ብዛት፣ የተለቀመበት ወር፤ እነዚህ አምስት ቃላት በአንድ መዳፍ ስፋት ይጻፋሉ፤ ማንበብ የሚችል ዘር ለቃሚም ያለ አስተርጓሚ ይሞላቸዋል። በዛፍ ሥር በራሳቸው በቅለው ተነቅለው ወደ መደብ ለሚመጡ ችግኞች ደግሞ ቋንቋው «ወፍ ዘራሽ» የሚል ስም አለው፤ ለእነዚህ በእናት ብዛት ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ይተው፣ ወፍ ዘራሽ ተብሎም ይጻፍበት።